መጮህ የማትችለው ተዋናይ

ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኛዬ ከሰላም ጋር ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን፣ ዩቲዩብ ላይ ያገኘነውን ርካሽ አስፈሪ ፊልም እያየን እንስቃለን። ጭምብል ያጠለቀ ሰውዬ ሰዎችን በቢላ እያሳደደ ይገድላል። ከስር የተጻፈውን አስተያየት ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።

«‹ደሙ የቲማቲም ድልህ ነው። ልጅቷ ደግሞ መጮህ እንኳ አትችልም› ይላል።»

«እውነቱን ነው!» አለች ሰላም።

አጠገባችን ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ዞር አለች። «ልጅቷ እኔ ነኝ» አለችን።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ስል የሹራቧን እጅጌ ሰበሰበች። ክንዷ ላይ ረጅም ጠባሳ አለ።

«የፕላስቲኩ ቢላ ጠፍቶ በወጥ ቤት ቢላ ነበር የቀረጽነው። ባለጭምብሉ ሳያስበው ሲቆርጠኝ የምሬን ጮህኩ።»

«ታዲያ ቀረጻውን አላቆሙም?» አልኳት።

«ዳይሬክተሩ ‹አሁን ገና ገባሽ፣ ቀጥይ!› አለኝ።»