የአማቴ ደብር ጀልባ

እኔ የብረት በር ሠሪ ነኝ። አዘዞ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለች ጠባብ ሱቄ ፊት ለፊት የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ አንዳንዴም የተሰበረ የባጃጅ ጣሪያ እበይዳለሁ። ጎንደር ውስጥ የእኔ በር ያልቆመበት ሰፈር ጥቂት ነው፤ ይህን ስናገር ደረቴ ትንሽ ይነፋል። ጀልባ ግን በዕድሜዬ ነክቼ አላውቅም። ዋናም አልችልም።

አማቴ ቄስ ናቸው። ከጎርጎራ አለፍ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር ባለ የገጠር ደብር ያገለግላሉ፣ ድጓም ያስተምራሉ። አገሬው «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔ «አባ» እላቸዋለሁ። ልጃቸውን ሳገባ ከዘመዶቻቸው መካከል «ለቀጥቃጭ ልጅ ይሰጣል ወይ?» ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። በእኛ አገር ብረት በእሳት የሚነካ ሰው እንደ ቡዳ የሚታይበት ዘመን ገና ጨርሶ አልሄደም። አማቴ ያኔ «እጁ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» ብለው አፋቸውን አስያዟቸው። ይህን አልረሳሁላቸውም። ረስቼው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ነገሩ እዚህ ባልደረሰ።

ደብሩ አንዲት የብረት ጀልባ አለችው። ደሴቱ ላይ ያለው ገዳም ሲነግሥ፣ በታንኳ መቀመጥ የማይችሉ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶችም በእሷ ይሻገሩ ነበር። ሆዷ ከድንጋይ ጋር ተላትሞ ተቀደደ፤ የቀረውን ዝገት በላው። ከዚያ ወዲህ ደካሞቹ ንግሡን ከዳር ቆመው በጆሯቸው ብቻ ነው የሚያከብሩት፤ ነፋሱ ደግ ሲሆን የከበሮው ድምፅ ይደርሳቸዋል። ትጠገን ወይስ ተቆራርጣ ለቆራሌው ትሸጥ እያሉ ሲከራከሩ ከረሙ። በመጨረሻ አማቴ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥተው «ጎንደር ያለው ልጄ ይያት፤ እሱ ያለው ይሁን» አሉ።

ሄድኩ። ጀልባዋ ከሸምበቆው ወዲህ፣ ደረቅ መሬት ላይ ተደፍታለች። በመዶሻዬ መታ መታ አደረግኋት። ጤነኛ ብረት ሲመቱት ይጮኻል፤ ይቺ እንደ እርጥብ ካርቶን ዝም አለች። ትንሽ ጠንከር ሳደርግ የመዶሻው አፍ ወደ ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለ ብረት አይበየድም። እሳቱ በነካው ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል እንጂ አይደፈንም። ይህን ማንም ጀማሪ በያጅ ያውቀዋል፤ እኔም በዚያችው ቅጽበት አወቅሁት።

አማቴ ከኋላዬ ጥላቸውን ዘርግተው ለተሰበሰበው ሰው ስለ እኔ ሙያ ያወራሉ። መዶሻዬ የከፈተውን ቀዳዳ አላዩም። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጉልበቴን አጥፌ ቀዳዳው ላይ ተንበረከክሁበት።

«እንዴት ናት ልጄ፣ ትሆናለች?»

ዘወር ስል ፊታቸው በርቷል። ከጎናቸው የቆሙት ዘመዳቸው ያኔ ካጉረመረሙት አንዱ ነበሩ።

«ትሆናለች አባ» አልኳቸው።

ሴቶቹ እልል አሉ። አንዲት በምርኩዝ የሚሄዱ አሮጊት መጥተው ጀልባዋን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው ተሳለሙ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አለቀ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ እኔ ያጠብኩት የአማቴን ነው።

ጎንደር ተመልሼ ስልክ መሸሽ ጀመርኩ። አማቴ ሲደውሉ ግራይንደሩን አስነሥቼ «አይሰማም አባ» እላለሁ። አንዴ ላሜራው ጠፋ፣ አንዴ መንገዱ አያስኬድም፣ አንዴ ወገቤን አመመኝ። እሳቸው «እግዚአብሔር ይማርህ፣ አትቸኩል» ይሉኛል። ያ ከስድብ ይብስብኝ ነበር።

ሚስቴ ነገሩ ገብቷታል። ምሳ ይዛልኝ ሱቅ በመጣች ጊዜ «የማትሆን ከሆነ ለአባቴ ንገራቸው፤ አይቆጡህም» አለችኝ።

«አንቺ ስለ ብረት ምን ታውቂያለሽ?» ብዬ ደንበኛ ፊት ጮህኩባት። ምሳ ዕቃውን አስቀምጣ ሄደች። ስለ ብረት አልነበረም የተናገረችው።

ንግሡ ሲቃረብ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ስስ ላሜራ ከላይ አልብሼ፣ ጫፍ ጫፉን ነካ ነካ አድርጌ በይጄ፣ ሁሉንም በካትራሜ ጥቁር አድርጌ እቀባዋለሁ። ላዩ ያምራል። ደርሳ ትመለስ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ብትበላሽ «አርጅታለች» ይባላል። ይህን ያሰብኩት ሰክሬ አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሻይ እየጠጣሁ ነው። እነዚያን አሮጊቶች ውሃ ላይ አውጥቼ ዕድል ልሞክርባቸው ነበር። ያውም ፊቴ እንዳይቀላ ብዬ። አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

ላሜራውንና ጀነሬተሩን በአይሱዙ ጭኜ በቆላ ድባ በኩል ወረድኩ። ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ጠበቀኝ። ወንዶቹ ዕቃውን ተሸከሙ፤ ሴቶቹ ጠላና ቆሎ ይዘው ዋርካው ሥር ተቀመጡ። አማቴ ብቻ ከእኔ ጋር ጀልባዋ ዘንድ ቀሩ። ዓይናቸው በብርሃኑ እንዳይጎዳ ዘወር እንዲሉ ነግሬያቸው ብየዳውን ለኮስኩ።

ላሜራው ሊይዝ አልቻለም። የነካሁት ሁሉ እየቀለጠ ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል። ከጫፍ ጫፍ ብዞር የሚይዝልኝ ጤነኛ ብረት አጣሁ። መነጽሬን ሳወልቅ አማቴ ወደ እኔ ዞረዋል። ጎንበስ ብለው በቀዳዳው ወደ ውስጥ አዩ፤ በወዲያኛው በኩል ሣሩ ይታያል።

«ይህን ያወቅኸው ዛሬ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አባ። ያን ቀን ነው።»

«ምነው ታዲያ?»

«አፈርኩ።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ዋርካው አመሩ፤ እኔም መነጽሬን እንደያዝኩ ተከተልኳቸው። ይቆጡኛል፣ በሰው ፊት ያዋርዱኛል ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ሊለኝ ጀምሮ ነበር። የሚገባኝን ተቀብዬ በተገላገልኩ።

«ስሙኝ» አሉ ቆመው። «ጀልባዋ አትሆንም። ልጄ ገና ሲያያት አትሆንም ብሎኝ ነበር። ትሆናለች በል ያልኩት እኔ ነኝ። ንግሡ እንዳያመልጣችሁ ብዬ ደበቅኋችሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በሉኝ።»

እኒህ ሰው ተማሪ ዜማ አስመስሎ ሲያልፍ እንኳ «ሐሰት ነው፣ መልስ» ብለው የሚያስደግሙ ናቸው። ሲዋሹ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ እኒያ ያኔ ያጉረመረሙት ዘመዳቸው ተነሡ።

«ምነው የኔታ! እናቶቻችንን ውሃ ሊያስበሉብን ነበር? እርስዎ እንዲህ ካደረጉ እኛ ማንን እንመን?»

አማቴ ጎንበስ ብለው ሰሙ። ሌላውም ተናገረ፣ ሌላውም። እኔ መነጽሬን እያገላበጥኩ ቆሜያለሁ። «የለም፣ እሳቸው ምንም አላጠፉም፤ እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ይህ ሰው ይጨርስ፣ ያኛው ይጨርስ እያልኩ ስጠብቅ ሰዉ «እንግዲህ ለቆራሌው ትሸጥ» ብሎ ነገሩን ቋጨውና መነሣት ጀመረ።

ያን ጊዜ እኒያ ባለ ምርኩዟ አሮጊት ወደ እኔ መጡ። ዘንድሮም ከዳር መቅረታቸው ነው፤ ግን አላነሡትም። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

«አንተስ እውነቱን ተናግረህ ነበር ልጄ። ሸጋ ሰው። እግዜር አንደበትህን ይባርከው፤ ሐሰት አያናግርህ።»

አማቴ ከአጠገባችን ቆመው ይሰማሉ።

«አሜን» አልኩ።