ለአባቴ ወይን የተገዛ መለኪያ

የማኅበራችን ሰዎች ልጆቻቸውን «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» እያሉ ይመክራሉ። አባቴ ቤት ሲመጡ ግን ምክሩን ከጫማቸው ጋር በር ላይ አውልቀው ነው የሚገቡት።

አባቴ ከባቡር ጣቢያው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ተራው በደረሰ ቁጥር ለማኅበርተኞቹ የዘቢብ ወይን ይጥላል። ዱሮ ያስመሰግን ነበር፤ አልዋሽም። ከሁለት ዓመት በፊት ግን አንድ ክፉ ጉንፋን ምላሱን ይዞበት ሄደ። ጣዕም አይለይም፤ አትለይም ሲሉት ደግሞ ይቆጣል። ወይኑ ላይ ሎሚ የሚጨምቀው መኮምጠጡ ለራሱ እስኪሰማው ድረስ ነው። እሱ እስኪሰማው የእኛ ጥርስ አለቀ።

እንግዶቹ አንድ ጊዜ ይጎነጩና ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ከዚያ «እጅዎን ይባርከው» ይላሉ። አባቴ ደስ ብሎት ይጨምርላቸዋል። ሲወጡ ደረጃው ላይ ይሳሳቃሉ፤ እኔ እሰማቸዋለሁ። አባቴ በገዛ ቤቱ መሳቂያ ሆኖ፣ ከእሱ በቀር የማያውቅ አልነበረም። አንጀቴ አረረ።

ወንድሜን «ንገረው እንጂ» አልኩት። «አንቺን ይወድሻል፣ አንቺ ንገሪው» አለኝ። ወደብ ላይ ስንት ሰው የሚያዝ ጎረምሳ፣ አባቱ ፊት ሲቀርብ ምላሱ ይታሰራል። በኋላ ግን መላ ይዞ መጣ፤ መኮምጠጥን በቁጥር የሚያሳይ የፒኤች መለኪያ ገዝተን ማሽኑ ይንገረው አለ። እውነት ለመናገር ሐሳቡ ደስ አለኝ። ማሽን ይሉኝታ አያውቅም።

መምረጡ ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ሆነ። ፋርማሲው መጀመሪያ ቀለሙን የሚቀይር ወረቀት ሰጠን። የዘቢብ ወይን ቡናማ ስለሆነ ወረቀቱም ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ እሱም እንደ ማኅበርተኞቹ ምንም አልተናገረም። ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ያለ ባለሱቅ ደግሞ ሄሮን ለሚባለው የሀብታም ሰፈር ሰዎች ለመዋኛ ገንዳቸው የሚሸጠውን፣ እስክሪብቶ የሚመስል መለኪያ አወጣልን። ለወይን ይሆናል ወይ ብዬ ብጠይቀው በፈረንሳይኛው «ሴ ላ ሜም ሾዝ» አለኝ፤ ለእሱ ገንዳውም ወይኑም አንድ ነው። የአባቴን ወይን ቢቀምስ ገንዳውን ይመርጥ ነበር። ወንድሜ በበኩሉ ውጤቱን በስልክ የሚልከው ካልተገዛ ብሎ ድርቅ አለ። አባታችን እኮ ስልኩን ገልብጦ የሚያወራ ሰው ነው።

በመጨረሻ እኔ ቁጥሩ ትልልቅ የሆነውን፣ ልክ መሥራቱን መፈተሻ ፈሳሽ ያለውን መረጥኩ። አባቴን አውቀዋለሁ፤ ማሽኑ ተበላሽቷል ማለቱ አይቀርም። ያኔ በፈሳሹ አሳየዋለሁ ብዬ ነው።

መለኪያውን ለአባቴ ሰጠነው፤ ጫፉን ወይኑ ውስጥ ነከረው። ሁለት ነጥብ ስድስት አለ። ደህና ወይን ከሦስት በላይ መሆን አለበት ስንለው «አያችሁ፣ አንሷል! ሎሚ ይጨመርበት» ብሎ ብድግ አለ። ወንድሜ ጣሪያውን አየ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መኮምጠጡ እንደሚብስ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። «እንግዲያው ተበላሽቷል» አለ። በፈሳሹ ፈተሽነው፤ ማሽኑ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ቁጭ አደረገው። አባቴ መለኪያውን በመሐረቡ ጠራረገና ወደ ሳጥኑ መለሰው። ተመስገን፣ እኔ ሳልናገር ተነገረው አልኩ በሆዴ።

የማኅበሩ ቀን ያንኑ ወይን ይዞ ወጣ። ደነገጥኩ። ለሁሉም ቀዳና ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ መሀል ቆሞ «እንዴት ነው?» አላቸው። ከዚያ በፊት ጠይቆ አያውቅም። አንዱ «ግሩም ነው» አለ፤ አንዷ «እጅዎን ይባርከው» አለች። ወንድሜ ይባስ ብሎ «የዘንድሮውስ ይለያል» አለ። አባቴ ለእያንዳንዳቸው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ?»

የማኅበሩ ሰው ሁሉ አፍጥጦ አየኝ።

«ኮምጣጣ ነው አባዬ» አልኩት። «አይጠጣም።»

አባቴ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ወደ እንግዶቹ አዞረኝ። ወንድሜ ብርጭቆውን እንደያዘ አጠገቡ ተቀምጧል።

«ተዋወቋት» አላቸው። «ልጄ ናት። ሌላ ልጅ የለኝም።»