በሦስት ቀን አንድ ምርቃት

ቨርሊን ክሩግ ዕድሜዋን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የሰው ልጅ ስታበላ ኖራ፣ የገዛ ልጇ የመንግሥት ቀለብተኛ ሆነባት። ኬንት ሰው የለቀቀው ቤት ገብቶ የመዳብ ሽቦ ሲነቅል ነው የተያዘው። ሽቦው ቢሸጥ እንኳን የሁለት ቀን ሱሱን አይሸፍንለትም ነበር። ሞኝነት ሲበዛ እንዲህ ነው።

ጠበቃው መንግሥት ያቆመላቸው፣ ሳንድዊቹን ቆሞ የሚበላ ሰው ነው።

"ወይዘሮ ክሩግ፣ በግዛታችን ሕግ ለዚህ ጥፋት ዳኛዋ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት መፍረድ ትችላለች። መነሻው ሦስት ነው። ልጅዎ ግን የቀድሞ ጥፋት አለበት።"

"እና?"

"እና ወደ ላይ ትወጣለች።"

ወጣችም፤ አምስት ዓመት ፈረደችበት። ቨርሊን አግዳሚው ላይ ዘፍ ስትል ጠበቃው ጎንበስ አለላት። "ፍርዱን እየጠበቀ የታሰረበት ጊዜ ይታሰብለታል። ከዚያ በኋላ አርፎ ከተቀመጠ፣ ሦስት ቀን በታሰረ ቁጥር አንድ ቀን እንደታሰረ ተቆጥሮ ይጨመርለታል።"

"እንደ በቆሎ ሻጭ ምርቃት በለኛ!"

"እንደዚያው። ካጠፋ ግን ምርቃቱን መልሰው ይወስዱበታል።"

ሲሰላ መውጫው በአራተኛው ዓመት መስከረም ላይ ዋለ። ያ ዓመት ሲገባ ባሏ ሎየል መስከረም መቃረቡን ሲሰማ የኦክስጅን ቱቦውን ከአፍንጫው አንሥቶ ሳቀ። ዕድሜ ልኩን በመኪና የሚጎተት ቤት በሚሠራ ፋብሪካ የሙጫና የእንጨት ብናኝ ሲስብ የኖረ ሳንባው አልቋል። ሐኪሙ እስከ ነሐሴ መዝለቁን እንኳን ይጠራጠራል። "ያንን ጎረምሳ አንዴ ፊት ለፊት ሳልሰድበው የትም አልሄድም" አለ ሎየል። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ጸሎት እሱ ብቻ ሆነ፤ ሎየል እስከ መስከረም እንዲቆይ።

ሐምሌ ላይ ሎየል ሆስፒታል ገባ። ኬንት እሑድ እሑድ የሚደውለው ወደ ቤት ነው። ስልኩ ሲነሣ የተቀዳ ድምፅ ይቀድማል፤ ጥሪው ይቀዳል፣ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ክልክል ነው ይላል። ቨርሊን እንደ ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ለምዳዋለች፤ ማን ይሰማዋል? በዚያ ላይ በከተማዋ ልጁ የታሰረበት ሁሉ ጥሪ ያስተላልፋል፤ ያልተያዘም ሁሉ ራሱን ብልህ ይላል። ስለዚህ አንድ እሑድ ኬንት ሲደውል በሞባይሏ ሆስፒታል ደውላ፣ የቤቱን ስልክና ሞባይሏን አፍና ጆሯቸውን ገጥማ ያዘቻቸው።

"ኬንት፣ ቆይ፣ አባትህ አለ።"

"እማዬ፣ ተይ፣ እንዳታገና—"

"አንተ ሌባ!" አለ ሎየል፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "የትራክተሩን ባትሪ ሳትነቅል ነው የሄድከው! ሞተ እኮ!"

 ቨርሊን ኬንት ስልኩን የዘጋው መስሏት ነበር። ከዚያ ሳቁን ሰማች። "ስመጣ እቀይረዋለሁ፣ አባዬ።" ስለ ባትሪው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤታቸው እብድ ውሻ ሲያወሩ፣ እጇ እስኪደነዝዝ ስልኮቹን ይዛ ቆመች። ደስ ብሏት ነበር።

ነሐሴ ላይ ኬንት ደውሎ "መስከረም ቀርቷል፣ ጥር ሆኗል። ቆጠራው ተሳስቶ ነበር አሉኝ" አላት። ቨርሊን እሳት ጎርሳ ጠበቃው ጋ ደወለች።

"ማንም አልተሳሳተም፣ ወይዘሮ ክሩግ። ጥሪ አስተላልፎ ተገኝቷል። ከምርቃቱ አራት ወር ወሰዱበት።"

"እሱ አይደለም እኮ! እኔ ነኝ!"

"የሚቀጡት የታሰረውን ነው።"

ሎየልን ቤቱ እንዲሞት መልሰውት ነበር። እንዴት ብላ ትንገረው? ዛሬ ነገ ስትል ያ የመስከረም ጠዋት ደረሰ። "ጢሜን ላጪኝ" አለ። ላጨችው። ባለ ካሬ ሸሚዙን አስለበሰው፣ ወንበሩን በመስኮቱ ወደ መንገዱ አስዞረ። ሲመሽ "መንገድ ዘግተውበት ይሆናል" አለ።

"ይሆናል" አለች።

በማግስቱም ወንበሩ ላይ ዋለ። በሳምንቱ ሞተ፤ ኬንትን ለቀብሩ አልለቀቁትም።

ጥር ላይ፣ በበረዶ፣ ቨርሊን ልጇን ከእስር ቤቱ በር ወሰደችው። ብዙ መንገድ ተጓዙ።

"ያን እሑድ ስልኩን ለምን አልዘጋኸውም?" አለችው በመጨረሻ።

ኬንት ማወቋን ተረዳ። "ድምፁን ሰማሁታ፣ እማዬ። እስከ መስከረም የሚቆይ ሰው ድምፅ አልነበረም። አሁን ካላወራሁት መቼም አላወራውም አልኩ።" እጆቹን አፋተገ። "ልክ ነበርኩ አይደል? መስከረም ሲደርስ ሰውም አይለይ ነበር አይደል?"

ቨርሊን መሪውን ጨበጠች። "አይለይም ነበር" አለች። "ተኝቶ ነበር።"

ኬንት በረጅሙ ተነፈሰ፤ ራሱን ወደ ኋላ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ቤት ደርሰው እሷ ቁልፉን ስታስቀምጥ እሱ ሳሎን ገባ። ወንበሩን ማዞር ረስታ ነበር። ባለ ካሬ ሸሚዙ መደገፊያው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ኬንት ወንበሩን አየ፣ በመስኮቱ መንገዱን አየ፣ ከዚያ ዞሮ እናቱን አየ።