ኪሱ ቅጠል የማያጣው ሰውዬ

የላቦራቶሪው ሰውዬ ሰካራም ነው ተባለ። አጠገቡ ሲደርሱ አልኮል አልኮል ይሸታል፤ ኪሱም ቅጠል አያጣም። ቅጠሉ የአፉን ሽታ መደበቂያ ነው ብለው ፈረዱ፤ ጥበቃው ፍርዱን አጸደቀ፤ ስሙም «ፍየሉ» ሆነ።

ሐሜት መቼም ጾም አታውቅም፤ ይህቺኛዋ ግን ውሸት ናት። ሰውዬው መጠጥ በዞረበት አይዞርም። አልኮሉ ቅጠሉን የሚዘፈዝፍበት ነው። በጭማቂው ትንሽ ክብ ወረቀት ይነክርና፣ ከሽንት ቧንቧ ሕመምተኞች የተገኘ ጀርም በተቀባበት ሳህን ላይ ያስቀምጣል። በማግስቱ በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ከታየ፣ ቅጠሉ ጀርሙን ረቶታል ማለት ነው።

የጋዋኑ ኪስ አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል። ሳህኖቹን ሲያይ አንዷን ሁልጊዜ ወደ መጨረሻ ይገፋታል። የእናቱ ናት። በእሷ ላይ ያለው፣ ለእናቱ የታዘዘው መድኃኒት ሁሉ ያልበገረው ጀርም ነው።

ዛሬ ሻይ ክፍል ገብቶ፣ ስኳር ያልገባበትን ሻይ ሲያማስል ተቀመጠ።

«ጋሽ ፍየሉ፣ ዛሬስ ቀናዎት?» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። ሁሉም ሳቁ።

እሱም ፈገግ አለ። «ቅጠሉ የሰዉን ሁሉ ጀርም ጠራርጎታል። የእናቴ ግን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ አድጎ ጠበቀኝ።» ማንኪያውን አስቀመጠ። «ማታ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ‹ልጄ፣ የኔስ ቀለበት ወጣ?› ስትለኝ ምን ልበላት?»