በጡብ የተፋቀ ጥርስ

አዳማ ላይ ዝናብ ሲያካፋ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር ሥር ከተከመረው ጡብ የሚነሳው የእርጥብ ሸክላ ሽታ አፍንጫዬ ከገባ ያ ቀን ለእኔ ቀን አይደለም፤ ታላቅ እህቴ አስቴር ጓሯችን ውስጥ ቁጢጥ ብላ፣ የጡብ ዱቄት በጣቷ እየዛቀች ጥርሷን ስትፍቅ ትታየኛለች።

አባቴና እናቴ ከከምባታ ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርደው ሸንኮራ አገዳ ቆረጣ ገብተው ነበር። አስቴር እዚያው በአገዳ ቆራጮቹ መንደር የጉድጓድ ውሃ እየጠጣች ስታድግ፣ እኔን ገና ጡት እንደጣልኩ ደጋ ላለችው አክስቴ ሰጥተውኝ፣ ወደ ቤት የተመለስኩት በስምንት ዓመቴ ነው።

በበጋ፣ የተቃጠለው አገዳ ጥላሸት ልብሳችን ላይ በሚያርፍበት ወራት፣ ቲቸር ሰኞ ሰኞ ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ጥርስ ይፈትሹ ነበር። የመንደሩ ልጅ ጥርስ ከሞላ ጎደል ቡናማ ነበርና፣ ያን ሁሉ ልጅ «ሰነፍ» ብለው ካንበረከኩ በኋላ እኔን ከፊት አቁመው፣ «እዩ፣ የሚፍቅ ሰው ጥርስ ይኸ ነው» ይሉ ነበር። አስቴርንም፣ «ከአንድ ቤት ወጥታችሁ፣ ከታናሽሽ እንኳ አትማሪም?» ይሏት ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔ የምፍቀው ትዝ ሲለኝ ብቻ ነበር፤ ግን ሙገሳው ጣፍጦኝ ዝም አልኩ።

በልግ ሲገባ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ አስቴር እጄን ያዘችኝ።

«ተደብቀሽ በምንድን ነው የምትፍቂው? እባክሽ ንገሪኝ» አለችኝ፣ ታላቄ ሆና እያለቀሰች።

አልፍቅም ብዬ ማመን አፈርኩ። መንገድ ዳር የተከመረ ጡብ አየሁና፣ «በጡብ፣ ፈጭቼ» አልኳት።

ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ማታ ፋቀች። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ድዷ ሲደማ አይተው፣ «ኢንተለ ኮ፣ ተይ ልጄ» ሲሏት፣ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ትላቸው ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ቡናማው አልለቀቀም፤ መስከረም ሲጠባ ግን የፊት ጥርሶቿ ተሸራርፈው፣ ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት እንኳ አቅቷት ነበር። ሰኞን ፈርታ ስትቀር ስትቀር፣ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቷን ተወች።

የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ እንደሚበዛበት፣ በሕፃንነቱ የጠጣውን ሰው ጥርስ እንደሚያበላሽና ቢፍቁት እንደማይለቅ የሰማሁት መምህርነት ስማር ነው። የዚያን ዕለት ምግብ አልበላሁም።

ዛሬ እኔም የአፍ ጤና አስተምራለሁ። ማንንም ከፊት አላቆምም፤ ጥርሷ ቡናማ የሆነ ልጅ ስታጋጥመኝ፣ «ከውሃው ነው የኔ ልጅ፣ ከስንፍናሽ አይደለም» እላታለሁ። አስቴር እዚሁ አዳማ ልብስ ስፌት ትሠራለች፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ስለ ውሃው ስነግራት፣ «ድዴም ደካማ ነበር መሰለኝ፤ አንቺማ በዚያ ጡብ ስትፍቂ ምንም አልሆንሽም» አለችኝ።

ያኔ ልጅ ነበርኩና ዝም አልኩ። አሁን ትልቅ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ስትለኝም ዝም አልኳት።