ያልተከፈተው ብልቃጥ

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ገደማ አፀደ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ከፋ ውስጥ፣ ሺሺንዳ አጠገብ በምትገኘው የትውልድ ቀበሌዋ ተመደበች። መንገድ ዳር ያሉ እናቶች ልጆቻቸውን ለማስከተብ አላስቸገሯትም። ጫካው ሥር ካለው የማንጆዎች መንደር ግን የሚመጣው ጥቂት ነበር። በአካባቢው ልማድ ሌላው ሰው ከማንጆዎች ጋር ማዕድ አይጋራም፤ ቤታቸውም አይገባም። ከቦንጋ ለክትትል የመጡት አቶ ኃይለመስቀል ምክንያቱን ሲጠይቋት፣ «እነሱ ክትባት አይወዱም» አለቻቸው። ሲባል ሰምታ ያደገችውን ነው የመለሰችው።

በዚያው ዓመት ኩፍኝ ገባ። መንገድ ዳር ብዙም ሳይጎዳ አለፈ። ጫካው ሥር ግን ኮከብ የምትባል እናት ወንድ ልጇን በበሽታው አጣች።

አፀደ ለቅሶ ደረሰች። ከኮከብ ጎን ደጃፉ ላይ መሬት ተቀምጣ ብዙ ከቆየች በኋላ፣ በለቅሶ ቤት የማይጠየቀውን ጠየቀቻት።

«ምነው ሳታስከትቢው ቀረሽ?»

«አምጥቼው ነበር እኮ» አለች ኮከብ፣ ድምጿን ሳታነሣ። «እንደ ልማዳችን ራቅ ብለን ቆምን። ሌሎቹ ሲጨርሱ ተጠጋሁ። አንቺ ግን ‹ለአንድ ልጅ ብዬ አዲስ ብልቃጥ አልከፍትም፤ በሚቀጥለው ወር ነይ› አልሽኝ። በወሩም መጣሁ። ያንኑ አልሽኝ።»

አፀደ ትዝ አላት። አንዱ የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ለብዙ ልጆች የሚበቃ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ ግን አያድርም፤ የተረፈው ይደፋል። እንዳታባክን ተነግሯት ነበርና ቆጠበች። ሁልጊዜ መጨረሻ የሚደርሱት እነማን እንደሆኑ ግን አስባው አታውቅም። ራቅ ብለው ሲቆሙ ከልጅነቷ ጀምሮ ስላየች ነገሬም አላለችው።

በቀጣዩ ወር የበረዶ ሳጥኗን ይዛ መጀመሪያ ጫካው ሥር ወረደች። ለእናቷ ለእትዬ ዙፋን ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው ነበር።

«ከእነሱ ጀምረሽ ነው ወደ እኛ የምትመጪው? ሰው ምን ይላል?»

«ይበል እማዬ። መርፌው ለየልጁ አዲስ ነው።»

አንዳንድ የመንገድ ዳር እናቶች አኩርፈው ቀሩ፤ ውለው አድረው ተመለሱ። አንዲት የአክስቷ ልጅ ግን እስከ ዛሬ በሙሉ ዓይኗ አታያትም።

ኮከብ በመጀመሪያው ቀን ከቤቷ አልወጣችም። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ትንሿን ልጇን ታቅፋ መጣች።

«ዛሬ ሌላ ልጅ የለም» አለች። «ትከፍቺላታለሽ?»

አፀደ ብልቃጡን ከፈተች። ልጅቷን ወግታ ስትጨርስ፣ «ሊያተኩሳት ይችላል፤ አትደንግጪ። ጠዋት መጥቼ አያታለሁ» አለቻት።

ኮከብ ልጇን አቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች። አፀደ በማግስቱ ጭቃውን አቋርጣ ስትደርስ በሩ ተከፍቶ፣ ከምድጃው አጠገብ መቀመጫ ተዘጋጅቶላት አገኘች።