እጅጌው የተቆለፈ ሸማኔ

ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ ሰዎች ያገለገለውን በአዲስ የሚቀይሩባት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር፤ ሟቹ ወንድሜ ያልተጠቀመባቸውን መርፌዎች ልመልስ። ከፊቴ የነበረው ሸማኔ ተራው ደረሰ። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ በዚያ ሙቀት እጅጌው እስከ አንጓው ተቆልፏል። መርፌዎቹን ያመጣው ማግ በሚጠቀለልበት ቀሰም ውስጥ ከትቶ፣ ጫፍና ጫፉን በጥጥ ወትፎ ነው፤ ሰው እንዳይወጉ።

ሲስተሯ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የኤች አይ ቪውም የጉበቱም ምርመራ እዚሁ ነው፤ መድኃኒቱም» አለችው።

«እዚሁ? ሆስፒታል አትልኪኝም?»

«አልልክህም። ያዘዝኩህን ጋቢ ሳትጨርስ የት ልትሄድ!»

ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሦስቴ ወረቀት ጽፋችሁልኝ ነበር፣ እህቴ። ካርድ ክፍል ስደርስ ደንበኞቼ ተሰልፈው አያለሁ። ምን ሆነህ መጣህ ሲሉኝ በእነሱ ፊት ምን ልበል? ከበር እመለሳለሁ።»

የእጅጌውን ቁልፍ ቀስ ብሎ ፈታና ክንዱን ዘረጋላት።

ለወንድሜም እንዲህ ያለ ወረቀት ተጽፎለት ነበር። ሳይሄድ ቀረ ብዬ እስከ መጨረሻው ሰነፍ እያልኩ ተቆጣሁት። ከበር ተመልሶ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።